ሳይፈርስ የተለካ መስጂድ፦ ሌዘር ስካን ጥንታዊ መስጂዶቻችንን ለመጠገን ምን ይጠቅማል?

ነሐሴ 26 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1 ቀን 2025) በኢራቅ ሞሱል ከተማ የሚገኘው ታላቁ የአን-ኑሪ መስጂድ ከነሚናራው ጥገናው ተጠናቆ ተመረቀ። ሚናራው "አል-ሐድባ" ይባላል፤ ጎባጣዋ እንደ ማለት ነው። ይህን ስም ያገኘው ለብዙ መቶ ዓመታት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ በመኖሩ ነው። መስጂዱን በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው ኑሩዲን ዘንጊ ሲሆን፣ ሚናራው 45 ሜትር ገደማ ቁመት አለው፤ ዙሪያውንም በጡብ አደራደር የተሠራ ጌጥ ያስውበዋል። ሰኔ 14 ቀን 2009 (እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2017)፣ በረመዳን የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ውስጥ፣ ዳዒሽ በፈንጂ አፈረሰው። ከሚናራው የቀረው የታችኛው መቀመጫው ብቻ ነበር።

መልሶ የመገንባቱን ሥራ ዩኔስኮ ከኢራቅ መንግሥት ጋር ሆኖ የመራው ሲሆን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከ50 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለግሳለች። ሥራው ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2024 እንኳ በመስገጃው አዳራሽ ግድግዳ ውስጥ የተደበቁ አምስት ፈንጂዎች ተገኝተዋል። ከፍርስራሹ ውስጥ ጡቦች አንድ በአንድ ተለቀሙ፤ ደህና የሆኑት ተመልሰው ገቡ። ሚናራውም ሲመለስ ቀጥ ብሎ አልቆመም። እንደ ድሮው ዘንበል ብሎ ነው የተመለሰው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ እናንሳ። የፈረሰ ሚናራ "እንደነበረው" ይመለስ ሲባል፣ እንዴት እንደነበረ የሚነግረን ማን ነው? ዘንበል ያለው ወደየት አቅጣጫ ነበር? በምን ያህል? የእያንዳንዱ ጌጥ ስፋትና ከፍታስ? የሰው ትዝታ "ዘንበል ያለ ነበር" ይላል እንጂ ስንት ሜትር እንደሆነ አይናገርም። ያንን የሚናገሩት ከመፍረሱ በፊት የተነሱ ፎቶዎች፣ የተሠሩ ንድፎችና የተወሰዱ ልኬቶች ናቸው። ያልተለካ ሕንፃ ከፈረሰ በኋላ በቦታው ሌላ ሕንፃ ሊሠራ ይችላል፤ እሱን ራሱን መመለስ ግን አይቻልም።

በዚህ ጽሑፍ ሌዘር ስካን የሚባለው የልኬት ዘዴ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ አቅሙ የት ላይ እንደሚያበቃና እኛን የኢትዮጵያ ሙስሊሞችን ለምን እንደሚያገባን በቀላል አማርኛ ለማስረዳት እንሞክራለን።

መሣሪያውን ያመጣው የሞሱል ልጅ

የሌዘር ስካን ታሪክ ራሱ ወደ ሞሱል ይመልሰናል። ቤን ካሲራ የሚባለው መሐንዲስ የተወለደው በዚያችው ከተማ ነው። በልጅነቱ አባቱ በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው ወደ ጥንታዊው የነነዌ ፍርስራሽ እየወሰደ ያሳየው እንደነበር ተናግሯል። በኋላ አሜሪካ ገብቶ በምህንድስና ሙያው ሠራ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) "ሳይራ" የተባለው ኩባንያው ከቦታ ቦታ ሊንቀሳቀስ የሚችል ባለ ሦስት አውታር የሌዘር ስካነር ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው በመጀመሪያ የታሰበው ለፋብሪካዎች፣ ለድልድዮችና ለመሳሰሉት ግንባታዎች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2001 ታሊባን በአፍጋኒስታን ባሚያን የነበሩትን ጥንታዊ ሐውልቶች ሲያፈርስ፣ ካሲራ መሣሪያው ሌላ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል አሰበ። ከባለቤቱ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2003 "ሳይአርክ" የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አቋቋመ። ዓላማው በመላው ዓለም ያሉ ቅርሶችን ከመጥፋታቸው በፊት በዚህ መሣሪያ ለክቶ ማስቀመጥ ነው።

ዓላማው ከንቱ እንዳልነበረ ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። በኡጋንዳ ካምፓላ የሚገኘው የካሱቢ የቡጋንዳ ነገሥታት መቃብር እ.ኤ.አ. በ2009 በስካነር ተለካ። በሳር ክዳን የተሠራው ያ ትልቅ ቤት በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ወር በእሳት ወደመ። ልኬቱ ግን ከእሳቱ ቀድሞ ተይዞ ነበር። በመለካቱና በመቃጠሉ መካከል የነበረው ጊዜ አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው።

ሜትርና ቱምቢ ለምን አይበቃም?

"ግንበኛ ሜትሩንና ቱምቢውን ይዞ ቢለካ ምን ይጎድላል?" የሚል ይኖራል። ለአዲስ ቤት ምንም አይጎድልም። አዲስ ቤት በፕላን ስለሚሠራ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ግድግዳው እኩል ውፍረት ያለው ነው። አራቱን ማዕዘን ከለካን መካከሉን መገመት እንችላለን።

ጥንታዊ ሕንፃ ግን እንዲህ አይደለም። የሠራው ሰው በክንዱና በስንዝሩ፣ በዓይኑና በእጁ ነው የለካው። ግድግዳው ከታች ወፍሮ ከላይ ይሳሳል። አራት ማዕዘን የሚመስለው መስገጃ ሲለካ አንዱ ጎን ከሌላው በስንዝር ይበልጣል። ምሰሶዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ጉልላቱ ከውጭ ክብ ቢመስልም ከውስጥ ሌላ ቅርጽ ይኖረዋል። ከዚያ ላይ ዘመን ያመጣው ጉዳት ይጨመርበታል፤ አንዱ ግድግዳ ሆዱ ተገፍቶ ወጥቷል፣ አንዱ ማዕዘን ሰምጧል።

በሜትር የሚለካ ባለሙያ በአንድ ቀን መቶ ወይም ሁለት መቶ ነጥብ ይይዛል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ቀጥ ያለ መስመር አድርጎ ያልፋል። ጉልላቱንና ሚናራውን ለመለካት ደግሞ መወጣጫ መትከል አለበት፤ ያረጀ ግድግዳ ላይ መወጣጫ ማስደገፍ በራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ በንድፉ ላይ የሚቀረው ሕንፃው ራሱ ሳይሆን ሕንፃው ቀጥ ቢል ኖሮ የሚመስለው ነገር ይሆናል። የግድግዳው ሆድ በንድፉ ላይ ካልታየ፣ መሐንዲሱ በሽታውን ሳያይ መድኃኒት ያዛል ማለት ነው።

የብርሃን ገደል ማሚቶ

ሳይነኩ መለካት ለሙስሊም ሊቃውንት እንግዳ ነገር አይደለም። ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት አል-ቢሩኒ በዛሬዋ ፓኪስታን ካለ ተራራ ላይ ሆኖ፣ የተራራውን ከፍታና አድማሱ የሚታይበትን ማዕዘን ብቻ በመለካት የምድርን ስፋት አስልቷል። በባስራ የተወለደው ኢብኑል ሐይሠም ደግሞ ብርሃን ቀጥ ባለ መስመር እንደሚጓዝ በሙከራ ያስረዳ ሊቅ ነው። ሌዘር ስካነር ሁለቱንም ይጠቀማል፦ ማዕዘንንና ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ብርሃንን።

ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ ይሰማዋል። ገደሉ ሩቅ ከሆነ ይዘገያል፣ ቅርብ ከሆነ ይፈጥናል። የዘገየበትን ጊዜ ብንቆጥርና የድምፅን ፍጥነት ብናውቅ የገደሉን ርቀት ማስላት እንችላለን። ስካነሩ የሚሠራው ይህንኑ በብርሃን ነው። ቀጭን የሌዘር ጨረር ወደ ግድግዳው ይልካል፤ ጨረሩ ነጥሮ ሲመለስ የፈጀበትን ጊዜ ይቆጥራል።

ችግሩ ብርሃን እጅግ ፈጣን መሆኑ ነው፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 10 ሜትር ርቆ ወዳለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ቢሊዮን ክፍል 67ቱ ገደማ ብቻ ነው። ሰዓቱ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ብቻ ቢሳሳት ልኬቱ በ15 ሴንቲ ሜትር ይሳሳታል። በመሆኑም የስካነሩ ትልቁ ጥበብ ሌዘሩ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች በቀጥታ ጊዜ ከመቁጠር ይልቅ የብርሃኑን ጥንካሬ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ እያደረጉ ይልኩና፣ የተመለሰው ማዕበል ከተላከው ምን ያህል እንደተዛነፈ በማነጻጸር ርቀቱን ያገኛሉ። በሁለቱም መንገድ ጥሩ መሣሪያ በጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ውስጥ ይለካል።

መሣሪያው በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቀመጣል። ውስጡ ያለው መስታወት በፍጥነት ወደ ላይና ወደ ታች ይሽከረከራል፤ አካሉ ደግሞ ቀስ እያለ ዙሪያውን ይዞራል። ለእያንዳንዱ ጨረር ርቀቱንና ሁለት ማዕዘኖችን ይመዘግባል፤ ከነዚህ ሦስት ቁጥሮች የነጥቡ ትክክለኛ ቦታ ይገኛል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች በአንድ ሰከንድ በመቶ ሺዎች፣ አንዳንዶቹም ከሚሊዮን በላይ ነጥቦች ይይዛሉ። በመጨረሻ የሚገኘው በኮምፒውተር ላይ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ነጥቦች የተሣለ ሕንፃ ነው። ባለሙያዎቹ "የነጥብ ደመና" ይሉታል።

በመስጂድ ውስጥ ሲሠራ

አንድ ቦታ ቆሞ ሁሉን ማየት አይቻልም። ከምሰሶው ጀርባ፣ ከሚንበሩ ኋላ፣ ከመስኮቱ ጥግ ያለውን ጨረሩ አያገኘውም። ስለዚህ መሣሪያው ከቦታ ቦታ እየተነሳ ይተከላል፤ ብዙ ምሰሶ ያለው አነስተኛ መስጂድ እንኳ ከውስጥም ከውጭም ከአሥር በላይ መቆሚያ ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ የየመቆሚያው ደመና እንደ ጨርቅ ቁራጭ እርስ በርሱ ይሰፋል። ስፌቱ እንዲገጥም ከሁለት መቆሚያዎች የሚታዩ ቢያንስ ሦስት የጋራ ምልክቶች ያስፈልጋሉ፤ ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ነጭ ኳሶችን ወይም ጥቁርና ነጭ ካሬ ያለባቸውን ወረቀቶች በየቦታው የሚያስቀምጡት። በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ትንሽ ስህተት ይጨመራል። አሥር ጊዜ ሲደመር ትልቅ ይሆናል። ጠንቃቃ ባለሙያ ዙሪያውን ሄዶ ወደ ጀመረበት ተመልሶ ይዘጋል፤ ወይም ዋና ዋና ምልክቶቹን ቀያሾች በሚጠቀሙበት ቶታል ስቴሽን ለይቶ ይለካል።

ርቀትም ወሳኝ ነው። ጨረሮቹ እንደ ጃንጥላ ዘንጎች እየራቁ በሄዱ ቁጥር ይበታተናሉ። በ10 ሜትር ላይ በነጥብና በነጥብ መካከል 6 ሚሊ ሜትር ከነበረ፣ በ50 ሜትር ላይ 30 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሚህራቡ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ካለ ከቅርብ በድጋሚ መለካት ይገባል።

መስጂድ የራሱ የሆኑ ነገሮችም አሉት። ምንጣፉ ካልተነሳ የሚለካው ምንጣፉ እንጂ ወለሉ አይደለም። መስታወት፣ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክና የዉዱእ ቦታው ውኃ ጨረሩን ወዳልሆነ አቅጣጫ ስለሚመልሱት የሌለ ነጥብ ይፈጥራሉ። የሚንቀሳቀስ ሰው በደመናው ላይ እንደ ጥላ ተጎትቶ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ከሶላት ወቅቶች ጋር መናበብ አለበት፤ ከፈጅር እስከ ዙህር ያለው ጊዜ ረዘም ስለሚል ለውስጠኛው ክፍል የተሻለ ነው። ኮሚቴውና ሙአዚኑ ከባለሙያው ጋር አስቀድመው ከተነጋገሩ ጀመዓው ሳይቸገር ይጠናቀቃል።

ከነጥብ ወደ ጥገና

የነጥብ ደመና በራሱ ጥገና አይደለም፤ ጥሬ ዕቃ ነው። ጥቅሙ የሚታየው ባለሙያ ሲያነበው ነው።

ሚናራን እንውሰድ። ባለሙያው ደመናውን ልክ እንደ ድንች በየአንድ ሜትሩ አግድም ይቆርጠዋል። የእያንዳንዱን ቁራጭ መሐል ይፈልጋል፤ ከዚያ መሐሎቹን በአንድ ክር ያያይዛል። ክሩ ቀጥ ብሎ ዘንበል ካለ ሚናራው እንዳለ በአንድነት አዘንብሏል ማለት ነው፤ ጥርጣሬው ወደ መሠረቱ ይሄዳል። ክሩ እንደ ሙዝ ከጎበጠ ሌላ ታሪክ አለ፤ ምናልባት ሲሠራ መስመጥ ጀምሮ ግንበኞቹ እያቃኑ ቀጥለዋል። በጣሊያን ፒሳ ያለው ታዋቂ ዘንባላ ግንብ እንዲህ ያለ ጉብጠት አለው። ሁለቱ በሽታዎች መድኃኒታቸው ይለያያል፤ በዓይን ግን ሁለቱም "ዘንበል ያለ ሚናራ" ናቸው።

ለግድግዳም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተሩ ግድግዳውን ፍጹም ቀጥ ካለ ገጽ ጋር አነጻጽሮ ወደ ውጭ የተገፋውን በቀይ፣ ወደ ውስጥ የገባውን በሰማያዊ ቀለም ያሳያል። ዓይን የማያየው የሦስት ጣት ሆድ ወለል ብሎ ይወጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና ቢለካ ሆዱ ቆሟል ወይስ እየገፋ ነው የሚለው ይታወቃል። የወለል ፕላን፣ የፊት ገጽታና የቁርጥ ንድፍም ከዚሁ ይወጣሉ። ስንት ካሬ ሜትር ልስን እንደሚያስፈልግ፣ ስንት ተሸካሚ እንጨት እንደሚቀየር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ለሰደቃ ሰጪውም የሚቀርበው ሒሳብ በግምት የተቆለለ አይሆንም።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ምስክር በቅርብ ጊዜ የታየው በፓሪሱ ኖትርዳም ካቴድራል ነው። አንድሩ ታሎን የተባለ የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ሕንፃውን ከ50 በላይ ከሆኑ ቦታዎች ስካን አድርጎ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥቦች ሰብስቦ ነበር። ይህን ያደረገው ለጥናት እንጂ አደጋ ይመጣል ብሎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ሞተ። ከአምስት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2019፣ የካቴድራሉ ጣሪያ በእሳት ጋየ። የእሱና የሌሎች ባለሙያዎች ልኬት ለጠጋኞቹ ትልቅ መመሪያ ሆነ፤ ሕንፃውም በዲሴምበር 2024 ዳግም ተከፈተ። ታሎን ፍሬውን አላየም። ከእሱ በኋላ ለመጡት ግን ሥራው ደረሰላቸው።

ሌዘር የማያየው

መሣሪያውን ከልክ በላይ ማሞገስም ተገቢ አይደለም። ሌዘር የሚያየው ቆዳውን ብቻ ነው። ከልስኑ ጀርባ ድንጋይ ይኑር ጭቃ፣ እንጨቱ ውስጡ በምስጥ ይበላ አይበላ አያውቅም። ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ያመልጠዋል፤ ለዚያ በስንጥቁ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ ይሻላል። ኖራው በምን ተቦክቶ እንደተሠራ፣ በሩ ለምን በዚያ አቅጣጫ እንደተከፈተ፣ የትኛው ክፍል በማን ዘመን እንደተጨመረ አይናገርም። ይህን የሚያውቁት በዕድሜ የገፉ ሼኾችና ግንበኞች ናቸው።

በማሊ የሚገኘው የጀኔ ታላቁ መስጂድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ በጭቃ የተሠራ መስጂድ በደቡብ አፍሪካ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ "ዛማኒ" በተባለው ፕሮጀክት በሌዘር ተለክቷል። ነገር ግን የከተማው ነዋሪዎች በየዓመቱ ወጥተው በአዲስ ጭቃ ይለስኑታል፤ ገጹም በየዓመቱ ትንሽ ይለወጣል። መስጂዱን ያቆየው ከግንበኛ አባት ወደ ልጅ የተላለፈው የእጅ ሙያ ነው። ልኬቱ የአንድን ዓመት መልክ ይይዛል፤ ጭቃው እንዴት እንደሚቦካ ግን አይዝም። እንግዲህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ወደ ሀገራችን ስንመለስ

ይኸው የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም በሌዘር ለክቷል። ስለዚህ ይህ ዘዴ ለሀገራችን ባዳ አይደለም። ጥያቄው ለጥንታዊ መስጂዶቻችንስ የሚለው ነው።

ነጋሽን እናስታውስ። የመጀመሪያዎቹ ሰሐቦች ከተሰደዱበት ታሪክ ጋር ስሙ የተያያዘው የአል-ነጃሺ መስጂድ በቱርክ የልማት ድርጅት ቲካ ድጋፍ ታድሶ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በጦርነቱ ተመታ። ሚናራው፣ ጉልላቱና በግቢው ያሉት መቃብሮች ጉዳት ደረሰባቸው። ከመመታቱ በፊት እንዲህ የሚሆን ብሎ ያሰበ ብዙ ሰው አልነበረም። የሞሱል ሰዎችም አላሰቡም ነበር።

ሐረርን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ጁገል በግንቧ ውስጥ 82 መስጂዶችን ይዛለች፤ ዩኔስኮ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን የቆዩ መሆናቸውን ይገልጻል። ብዙዎቹ ትንንሾች ናቸው። ትንሽ መሆናቸው ለልኬት ያመቻል፤ ትልቅ ሕንፃ ብዙ ቀን ሲፈጅ፣ ትንሽ መስጂድ በአጭር ጊዜ ይጠናቀቃል። ከባሌው ድሬ ሼህ ሑሴን እስከ ወሎና ይፋት ገጠሮች ድረስ ደግሞ በድንጋይ፣ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ፣ ስማቸው ከአካባቢያቸው ውጪ የማይታወቅ ስንት መስጂዶችና የዒልም ቤቶች አሉ።

እነዚህን የሚያጠፋቸው ጦርነትና እሳት ብቻ አይደለም። በብዛት የሚያጠፋቸው መልካም ኒያ ነው። ጀመዓው ይበዛል፣ ቦታው ይጠባል፣ ከውጭ ሀገር ወይም ከከተማ የተሰበሰበ ገንዘብ ይመጣል፤ አሮጌው ፈርሶ በብሎኬትና በፌሮ፣ በሴራሚክና በቆርቆሮ ሌላ ይሠራል። መስገጃ ማስፋት ምንዳ ያለው ሥራ ነው፤ ማንንም አንወቅስም። ግን አንድም ፎቶ፣ አንድም ልኬት ሳይያዝ ሲፈርስ አብሮ የሚሄደው ነገር አለ። አሮጌውን እናድስ የሚሉትም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ በጭቃና በኖራ የተሠራውን ግድግዳ በሲሚንቶ ይለስኑታል። ሲሚንቶ እርጥበቱን ስለማያስወጣ ውኃው ውስጥ ታፍኖ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ "ያረጀ ስለሆነ ፈረሰ" ይባላል። አስቀድሞ ቢለካና ቢጠና ኖሮ ግድግዳው የሚፈልገው ኖራ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። ከአሮጌው ጎን ጨምሮ መሥራት የሚቻልበትን ቦታም ፕላኑ ያሳይ ነበር።

ዛሬ ማድረግ የምንችለው

ስካነር ውድ መሣሪያ ነው፤ እያንዳንዱ የመስጂድ ኮሚቴ ይግዛ አንልም። ነገር ግን እስኪመጣ ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም።

አንደኛ፣ በሥርዓት ፎቶ ማንሳት። በተራ ካሜራ ወይም ስልክ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ከቀደመው ፎቶ ሁለት ሦስተኛው እንዲደገም እያደረጉ፣ ዙም ሳይጠቀሙ፣ ሕንፃውን ከውስጥም ከውጭም መዞር ይቻላል። ባለሙያዎች ከእንዲህ ዓይነት ፎቶዎች በኮምፒውተር ባለ ሦስት አውታር ምስል ማውጣት ይችላሉ። ልኩ እንዲታወቅ ግን በፎቶው ውስጥ ርዝመቱ የታወቀ ነገር፣ ለምሳሌ የተዘረጋ ሜትር፣ መኖር አለበት።

ሁለተኛ፣ የስልክን አቅም ከነገደቡ ማወቅ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የወጡ የአይፎን ፕሮ ስልኮች ትንሽ የሌዘር መለኪያ አላቸው፤ የሚደርሰው ግን 5 ሜትር ያህል ነው፤ ስህተቱም በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ነው። ለማስታወሻ ይጠቅማል፤ ለጥገና ንድፍ አይበቃም።

ሦስተኛ፣ የአባቶችን ቃል መቅዳት። ማን ሠራው፣ እንጨቱ ከየት መጣ፣ ኖራው እንዴት ተዘጋጀ፣ ምን ተጨመረ፣ ምን ተነሳ? ስካነር ነገም ሊመጣ ይችላል፤ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ግን ነገ ላይኖሩ ይችላሉ።

አራተኛ፣ ከማፍረስም ከማደስም በፊት ባለሙያ ማማከር። በቅርስነት በተመዘገበ ሕንፃ ላይ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ የጥገና ሥራ መሥራት በሕግም አይፈቀድም። በየክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የአርክቴክቸርና የቅየሳ ትምህርት ክፍሎችን ማነጋገር ተገቢ ነው፤ ለተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ጥንታዊ ሕንፃ መስጂዳችን ሊሆን ይችላል። ከሙስሊም ወጣቶች መካከልም ይህን ሙያ የሚማሩ ቢበዙ መልካም ነው።

አምስተኛ፣ ልኬቱ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ለኪዎቹ መጥተው ለክተው ይሄዳሉ፤ ፋይሉ በሌላ ከተማ ወይም ሀገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ኮሚቴው ሲቀየር ማን እንደለካው እንኳ የሚያስታውስ አይገኝም። ስለዚህ ከሥራው በፊት አንድ ሙሉ ቅጂ ለመስጂዱ፣ አንድ ለመጅሊሱ፣ አንድ ለቅርስ መሥሪያ ቤቱ እንዲሰጥ በጽሑፍ መዋዋል ይገባል። ቅጂው በአንድ ኩባንያ ሶፍትዌር ብቻ የሚከፈት እንዳይሆን፣ "ኢ57" በሚባለው ለሁሉም ክፍት በሆነ የፋይል ዓይነትም ይሰጥ። ፋይሉ በፍላሽ ተቀምጦ መሳቢያ ውስጥ ቢረሳ አልተለካም ማለት ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ እየተከፈተ መታየትና ወደ አዲስ ማስቀመጫ መዛወር አለበት።

መስጂድ ወቅፍ ነው። ከኛ በፊት የነበሩት አስረከቡን፤ እኛም ለሚመጡት እናስረክባለን። አማና የተቀበለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ምን እንደተረከበ ቆጥሮና ለክቶ መያዝ ነው። የሞሱልና የነጋሽ ጀመዓዎች መስጂዳቸው በየትኛው ቀን እንደሚመታ አያውቁም ነበር። እኛም አናውቅም። በየአካባቢያችን ያሉ አሮጌ መስጂዶች ግን ዛሬ ቆመዋል፤ በቆሙበት መለካት የሚቻለው አሁን ነው።

ወላሁ አዕለም።